ፎርሙላውን አውቀዋለሁ፤ ጥያቄው ግን እምቢ አለኝ

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ። የዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ተማሪ ነኝ፤ ጀነራል ፊዚክስ እየወሰድኩ ነው። ካይነማቲክስን (የእንቅስቃሴ ስሌትን) እንደምንም ተወጣሁት፤ የኒውተን ሕጎች ላይ ስንደርስ ግን ቆምኩ። ፎርሙላዎቹን በቃሌ እወጣቸዋለሁ። የተሠራ ጥያቄ በቴሌግራም ሲላክልኝም አንብቤ ይገባኛል። ስልኩን ዘግቼ ራሴ ልጀምር ስል ግን የመጀመሪያው መስመር እንኳን አይመጣልኝም። ባለፈው አሳይመንት የተሳሳትኳቸውን ሦስት ጥያቄዎች ከነአሠራሬ ልኬልዎታለሁ፤ የት እንደሳትኩ እስካሁን አልገባኝም። የዶርም ጓደኞቼ ‹ብዙ ወርክሺት ሥሪ፣ ይለመዳል› ይሉኛል። እኔ ግን ፊዚክስ ለእኔ አልተፈጠረም ማለት ጀምሬአለሁ። ኢንጂነሪንግ የመግባት ሐሳቤንስ ልተወው? ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦

እህቴ፣ ሦስቱንም ጥያቄ ከነአሠራርሽ አንድ በአንድ አየኋቸው። አልጀብራሽ ንጹሕ ነው። ሳይንና ኮሳይንን አላምታታሽም፣ ዩኒት አልጣልሽም። ሦስቱም የተበላሹት ገና ቁጥር ሳትጽፊ ነው። በላክሽልኝ ወረቀት ላይ አንድም ስዕል የለም።

ይህ ነገር ከየት እንደመጣ መገመት አያስቸግርም። ካይነማቲክስ ላይ የተሰጠውንና የተጠየቀውን ትዘረዝሪያለሽ፣ ከእኩልታዎቹ መካከል የሚስማማውን ትመርጫለሽ፣ ትተኪያለሽ፤ አበቃ። ያ ልማድ እዚህም ተከትሎሽ መጥቷል። የኒውተን ሕጎች ላይ ግን የሚመረጥ ፎርሙላ የለም። ያለው አንድ ብቻ ነው፦ አንድ አካል ላይ የሚያርፉ ፎርሶች ሁሉ ድምር እኩል ይሆናል ማስ (መጠነ ቁስ) ሲባዛ በአክስለሬሽን (ፍጥነቱ የሚለወጥበት መጠን)። ሥራው ሁሉ ያለው በድምሩ ውስጥ ምን ምን እንደሚገባ መለየቱ ላይ ነው፤ እሱን የሚነግርሽ ደግሞ ስዕሉ ነው። «የመጀመሪያው መስመር አይመጣልኝም» ያልሽው ለዚህ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው መስመር ሳይሆን ስዕል ነውና።

ፍሪ ቦዲ ዳያግራም (አንድን አካል ነጥሎ የሚያርፉበትን ፎርሶች በቀስት የሚያሳይ ስዕል) ክፍል ውስጥ እንደተነገረሽ አልጠራጠርም። ብዙ ጊዜ መምህሩ ቦርድ ላይ ሳጥን ስሎ አራት ቀስት ይጨምርና ወደ ስሌቱ ያልፋል፤ ቀስቶቹ ከየት እንደመጡ ግን አይነገርም። ስለዚህ እሱ ላይ ልቆይ። አንድ አካል ምረጪ፣ አንድ ብቻ። ዙሪያውን በእርሳስ ክበቢው። ከዚያ «ይህን አካል ምን ነክቶታል?» ብለሽ ጠይቂ። ገመድ ከነካው ቴንሽን፣ ማለትም የገመዱ ጉተታ፣ አለ። ወለል ከነካው ወለሉ ወደ ላይ የሚገፋው ኖርማል ፎርስ አለ፤ ወለሉ ሻካራ ከሆነም ፍሪክሽን (ሰበቃ) ይጨመራል። እጅ ከነካው የእጁ ግፊት አለ። ሳይነካ የሚስበው አሁን በምትማሪው ምዕራፍ ውስጥ መሬት ብቻ ናት። በቃ፤ ከዚህ ሌላ የለም። እያንዳንዱ ቀስት አጠገብ ሰጪውን ጻፊ፦ «ከገመዱ»፣ «ከወለሉ»፣ «ከመሬት»። ሰጪው የማይታወቅ ቀስት ካለ ሰርዢው፤ የለም ማለት ነው። በተለይ ኤም ኤ (ማስ ሲባዛ በአክስለሬሽን) የሚባለውን እንደ አንድ ፎርስ አድርገሽ ቀስት አትሳዪለት። እሱ የሌሎቹ ድምር ውጤት ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄሽ። 20 ኪሎ ግራም የሆነ ሳጥን ሻካራ ወለል ላይ እየተንቀሳቀሰ ነው። ከአግድም 37 ዲግሪ ከፍ ባለ ገመድ በ100 ኒውተን ይጎተታል። የኪኔቲክ ፍሪክሽን ኮኢፊሸንቱ 0.3 ነው። አክስለሬሽኑ ስንት ነው? አንቺ የሠራሽው እንዲህ ነው፦ ኖርማል ፎርሱ 200 ኒውተን፣ ፍሪክሽኑ 60፣ የገመዱ የአግድም ድርሻ 80፤ 80 − 60 = 20፣ ለ20 ኪሎ ሲካፈል 1 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር። (ጂን፣ ማለትም የመሬት ስበት አክስለሬሽንን፣ አንቺ እንዳደረግሽው 10 ብዬ እቀጥላለሁ። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ከመሆኗም ሌላ ከፍታ ላይ ስላለች ትክክለኛው ቁጥር ከ9.8ም ትንሽ ዝቅ ይላል፤ አሳይመንትሽን ግን የሚለውጥ ነገር አይደለም።)

ሳጥኑን ክበቢውና ቀስቶቹን ቁጠሪ። መሬት ወደ ታች 200 ኒውተን ትስበዋለች። ገመዱ በሰያፍ 100 ይጎትተዋል፤ ይህ ሲበተን ወደ ፊት 80፣ ወደ ላይ 60 ነው። ወለሉ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ስንት እንደሆነ ገና አናውቅም። ፍሪክሽን ወደ ኋላ ይይዘዋል። እንግዲህ ሳጥኑ ወደ ላይም አይነሳ፣ ወደ ታችም አይሰምጥ። ስለዚህ የቁመት ቀስቶቹ ድምር ዜሮ ነው፦ ኖርማል + 60 − 200 = 0፤ ኖርማል 140 ኒውተን ይሆናል። ሁለት ሰው ኩንታል ተሸክሞ አንደኛው ጠንከር አድርጎ ሲያነሳ የሌላው ጫና እንደሚቀል ሁሉ፣ ገመዱ 60ውን ስለያዘለት ወለሉ ላይ የቀረው 140 ነው። ፍሪክሽኑ 0.3 × 140 = 42። ወደ ፊት 80 − 42 = 38። አክስለሬሽኑ 1.9።

ያንቺ መልስ ከትክክለኛው ግማሽ ገደማ ነው፤ ምክንያቱም «ኖርማል እኩል ነው ኤም ጂ» (ማስ ሲባዛ በጂ፣ ማለትም ክብደቱ) የሚለውን እንደ ሕግ ይዘሽዋል። ሕግ አይደለም። ገመድ ሳይኖር፣ ወለሉ ዝንባሌ ሳይኖረው፣ ሊፍትም ሳይኖር የሚገጥም አንድ አጋጣሚ ነው። ኖርማል ፎርስ የራሱ ፎርሙላ የለውም፤ ሁልጊዜ ለሚያርፍበት ገጽ ቀጥ ባለው አቅጣጫ (እዚህ በቁመቱ) ካሉት ቀስቶች ድምር ይወጣል። ይህ እንዴት እንደሚለያይ ለማየት ያንኑ ሳጥን በ100 ኒውተን ከኋላ ሆነሽ በዚያው 37 ዲግሪ ወደ ታች አዘንብለሽ ግፊው። አሁን 60ው ወለሉ ላይ ይጨመራል፦ ኖርማል 260፣ ፍሪክሽን 78፣ ወደ ፊት የሚቀረው 80 − 78 = 2 ኒውተን፣ አክስለሬሽን 0.1። ያው ሳጥን፣ ያው ወለል፣ ያው 100 ኒውተን፤ መጎተት 1.9 ሲሰጥሽ መግፋት 0.1 ሰጠሽ። ኖርማልን ኤም ጂ ነው ብሎ የጀመረ ሰው ሁለቱን እኩል ነው ይላቸዋል። ከባድ ዕቃ ዘንበል አድርጎ የገፋና የጎተተ ሰው ሁሉ ግን እኩል እንዳልሆኑ በወገቡ ያውቃል።

ጊዜ ካገኘሽ የገመዱን አንግል እየቀያየርሽ ሥሪው። አግድም ቢሆን 2.0 ታገኛለሽ፤ ወደ 17 ዲግሪ ገደማ ቢነሳ 2.2 ይደርሳል፤ 37 ላይ ደግሞ ወርዶ 1.9 ነው። ገመዱን ጥቂት ማንሳት የወለሉን ሸክም ስለሚያቀል ይጠቅማል፤ ብዙ ማንሳት ደግሞ ወደ ፊት የሚጎትተውን ድርሻ ይበላዋል። እኔ ይህን ምዕራፍ የምወደው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። አንድ የቤት ሥራ ጥያቄ በቁጥር መልስ አያልቅም፤ አንዱን ነገር ነካ ሲያደርጉት ሌላው ይንቀሳቀሳል።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር ላንሳ፤ በጎን የጻፍሽው ማስታወሻ ላይ «ክብደትና ኖርማል አክሽንና ሪአክሽን ናቸው» ይላል። አይደሉም። አሁን እንዳየነው አንዱ 200፣ ሌላው 140 ነው፤ ጥንድ ቢሆኑ ኖሮ ሁልጊዜ እኩል በሆኑ ነበር። ሦስተኛው ሕግ የሚያጣምራቸው ፎርሶች ሁለት የተለያዩ አካላት ላይ ያርፋሉ፦ ወለሉ ሳጥኑን በ140 ወደ ላይ ሲገፋ፣ ሳጥኑ ወለሉን በ140 ወደ ታች ይገፋዋል። መሬት ሳጥኑን በ200 ስትስብ፣ ሳጥኑም መሬትን በ200 ይስባታል። በአንድ ፍሪ ቦዲ ዳያግራም ላይ የጥንዱ ሁለት ወገኖች አብረው አይገኙም።

ሁለተኛው ጥያቄሽ የሊፍቱ ነው። 60 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው ሊፍት ውስጥ ሚዛን ላይ ቆሟል፤ ሊፍቱ ወደ ላይ እየወጣ ፍጥነቱን በ2 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ይቀንሳል። ሚዛኑ ስንት ያነባል? አንቺ 720 ኒውተን ብለሻል፤ አጠገቡም «ወደ ላይ ስለሚሄድ» ብለሽ ምክንያቱን ጽፈሻል። ምክንያት መጻፍሽ በጣም ጥሩ ነው፤ ችግሩን ያገኘሁትም እዚያ ላይ ነው። ሊፍቱ የሚሄደው ወደ ላይ ነው፤ አክስለሬሽኑ ግን ወደ ታች ነው፣ እየቀነሰ ነውና። ሰውየው ላይ ያሉት ቀስቶች ሁለት ናቸው፦ ከመሬት ወደ ታች 600፣ ከሚዛኑ ወደ ላይ ያላወቅነው። የአክስለሬሽኑን አቅጣጫ ፖዘቲቭ አድርጊውና 600 − ኖርማል = 60 × 2፤ ኖርማል 480 ኒውተን። ሚዛኑ የሚያነበው ይህንኑ ስለሆነ 48 ኪሎ ይላል። ሊፍት ላይ ስትወጪ ልትቆሚበት ያለው ፎቅ ሲቃረብ ሰውነትሽ ለቅጽበት ቅልል የሚልሽ ለዚህ ነው። ሊፍቱ ወደ ታች እየወረደ ፍጥነት ቢጨምርም መልሱ ያው 480 ነው። ፎርስ የሚቆራኘው ከአክስለሬሽን ጋር ነው፤ የጉዞው አቅጣጫ አይመለከተውም።

«ወደ ላይ ከሄደ ወደ ላይ የሚገፋው ይበልጣል» የሚለው ሐሳብ ያንቺ ብቻ አይደለም። የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ የሚገፋው ያስፈልገዋል ማለት የአሪስቶትል ትምህርት ነበር፤ ጋሊሊዮና ኋላም በ1687 ኒውተን እስኪያርሙት ድረስ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ኖሯል። በ1985 የፊዚክስ ትምህርት ተመራማሪዎቹ ኢብራሂም ሃሉንና ዴቪድ ሄስቴንስ አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ስሌት በሌለው ፈተና መርምረው፣ ብዙዎቹ ኮርሱን ከወሰዱም በኋላ የድሮውን ሐሳብ እንደያዙ መሆናቸውን አሳዩ። የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር ይህን አንብቦ ፈተናውን ለራሱ ተማሪዎች ሲሰጥ፣ አንዷ ተማሪ «እንዴት ልመልስ? እርስዎ ባስተማሩን መሠረት ነው ወይስ እኔ በተለምዶ እንደማስበው?» ብላ ጠየቀችው። ያቺ ልጅ ሃርቫርድ የገባች ተማሪ ናት። ስለዚህ አንድ ሐሳብ ስላስቸገረሽ ፊዚክስ ለእኔ አልተፈጠረም አትበዪ፤ እጅግ ብዙ ሰው እዚያው ቦታ ላይ ቆሟል።

ራስሽን መፈተን ከፈለግሽ ይህን አስቢ። እረኛ ድንጋይ በወንጭፍ ወነጨፈ። ድንጋዩ ከወንጭፉ ወጥቶ አየር ላይ ሳለ ምን ምን ፎርስ ያርፍበታል? «የወንጭፉ ኃይል» የሚል ቀስት ከሳልሽ ሰጪውን ጠይቂ። ወንጭፉ አሁን አይነካውም፤ ስለዚህ ቀስቱ የለም። ያለው የመሬት ስበትና ጥቂት የአየር መከላከል ብቻ ነው። ድንጋዩ የሚሄደው የሚገፋው ስላለ ሳይሆን የሚያቆመው እስካልመጣ ድረስ መሄዱን ስለማይተው ነው። ይህ አንዴ በትክክል ከገባሽ የምዕራፉን ግማሽ ጨረስሽ ማለት ነው።

ሦስተኛው አጭር ነው። 3 ኪሎ ግራም የሆነ ብሎክ ፍሪክሽን በሌለው ጠረጴዛ ላይ፣ 2 ኪሎ ግራም የሆነው ደግሞ ከእሱ ጋር በተያያዘና በፑሊ (መዘውር) አልፎ በተንጠለጠለ ገመድ ላይ ሆኖ እየፈጠነ ይወርዳል፤ አክስለሬሽኑና ቴንሽኑ ስንት ነው? ቴንሽኑ 20 ኒውተን ነው ብለሽ ጀመርሽ፤ የተንጠለጠለው ክብደት 20 ስለሆነ። ግን ገመዱ በ20 ወደ ላይ ቢይዘው፣ መሬትም በ20 ወደ ታች ብትስበው፣ የተንጠለጠለው ብሎክ መውረዱን ማን ያፈጥነዋል? ድምሩ ዜሮ ነው። እየፈጠነ እንደሚወርድ ጥያቄው ራሱ ነግሮናል፤ ስለዚህ ቴንሽኑ ከ20 ማነስ አለበት። ሁለት አካል፣ ሁለት ስዕል፣ ሁለት መስመር፦ ለጠረጴዛው ብሎክ ቴንሽን = 3ኤ፤ ለተንጠለጠለው 20 − ቴንሽን = 2ኤ። ሲደመሩ 20 = 5ኤ፤ አክስለሬሽኑ 4፣ ቴንሽኑ 12 ኒውተን። መልስ ስታገኚ ጽንፍ ላይ ፈትኚው፦ ጠረጴዛው ላይ ያለው ብሎክ ጭራሽ ባይኖር አክስለሬሽኑ 10 ይሆናል፣ ነጻ ውድቀት ማለት ነው፤ እጅግ ግዙፍ ቢሆን ወደ ዜሮ ይጠጋል። እንዲህ ሲሆን መልስሽን ለማመን የቴሌግራም ቻናል አያስፈልግሽም።

ስለ ወርክሺት ጓደኞችሽ የሚሉሽን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። ስዕል ሳትስዪ ሃምሳ ጥያቄ ብትሠሪ ያንኑ ስህተት ሃምሳ ጊዜ ትለማመጂዋለሽ። «ይሄ የሊፍት ነው፣ ይሄ የፑሊ ነው፣ ይሄ የተዳፋት ነው» እያልሽ ጥያቄን በመልኩ ለይተሽ የየራሱን ፎርሙላ ስትሸመድጂ ጭነቱ አያልቅም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሚሼሊን ቺና ባልደረቦቿ በ1981 ባሳተሙት ጥናት ጀማሪዎች የፊዚክስ ጥያቄዎችን በመልካቸው ሲመድቡ፣ ጠለቅ ብለው የተማሩት ደግሞ በሚሠሩበት መርህ ይመድቧቸው ነበር። ያንቺ ሦስት ጥያቄዎችም በመርህ አንድ ጥያቄ ናቸው። ስለዚህ በቀን ሦስት አራት ጥያቄ በቂ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ከነስዕሉ፣ ከነሰጪዎቹ ስም፣ በባዶ ወረቀት።

የተሠራውን መልስ አታንብቢ አልልሽም። በአነባበብሽ ላይ ግን ጥብቅ ሁኚ። ማንበብና ይገባኛል ማለት ከመሥራት ጋር አንድ አይደለም፤ ሌላ ሰው ስዕሉን ስሎ፣ አካሉን መርጦ፣ አቅጣጫውን ወስኖ ስለጨረሰልሽ ያንቺ ድርሻ አልጀብራውን መከተል ብቻ ይሆናል፣ እሱ ደግሞ አያስቸግርሽም። እነ ሚሼሊን ቺ በ1989 ባወጡት ሌላ ጥናት ይህንኑ የኒውተን ሜካኒክስ የሚያጠኑ ተማሪዎችን ሲያዩ፣ ጎበዞቹ የተሠራ ምሳሌ ሲያነቡ በየመስመሩ «ይህ ለምን ሆነ?» እያሉ ለራሳቸው ሲያስረዱና ያልገባቸውን ሲለዩ አገኟቸው፤ ደካሞቹ ግን የገባቸው መስሏቸው ያልፉ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ሩብ ሰዓት ያህል ራስሽ ታገዪ። ካቃተሽ ከመልሱ አንድ መስመር ብቻ እይ፣ ስልኩን ገልብጠሽ አስቀምጪ፣ ቀጣዩን ራስሽ ጻፊ። በማግስቱ ያንኑ ጥያቄ ምንም ሳታዪ ከባዶ ሥሪው። በማግስቱ ያልተሠራ ጥያቄ ገብቶሻል ብለሽ አትመዝግቢው። የዶርም ጓደኞችሽም ካሉ እየተቀባበላችሁ ሥሩ፤ አንዷ ቀስት ስትስል ሌላዋ «ከማን?» እያለች ትጠይቃት። ከመልስ መላላክ በብዙ ይሻላል።

የኢንጂነሪንጉን ነገር በዚህ አንድ አሳይመንት አትወስኚ። እንዲያውም ሲቪል ወይም ሜካኒካል ብትገቢ መጀመሪያ ከሚጠብቁሽ ኮርሶች አንዱ ስታቲክስ ነው፤ ስታቲክስ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ፍሪ ቦዲ ዳያግራም ነው፣ አክስለሬሽኑ ዜሮ ሆኖ። አሁን የምትታገዪው ነገር ለፈተና ብቻ አይደለም፤ ያ ሙያ የሚቆምበት መሠረት ነው። ይህን ሁሉ በሥርዓቱ ሞክረሽ፣ ጥያቄ መሥራት ከጀመርሽም በኋላ ሥራው ራሱ ደስ ካላለሽ፣ ያኔ ሌላ ዲፓርትመንት ማሰብ ምንም ነውር የለበትም። ስላልወደድሽው መተውና ስለፈራሽው መተው ግን አንድ ስላልሆኑ፣ ሁለተኛው እንዳይሆን አደራ።

ዛሬ ማታ ከሦስተኛው ጥያቄ ጀምሪ። ጠረጴዛውን ሻካራ አድርጊው፤ የኪኔቲክ ፍሪክሽን ኮኢፊሸንቱ 0.2 ይሁን፤ ብሎኮቹም እየተንቀሳቀሱ ነው። አክስለሬሽኑ 2.8፣ ቴንሽኑ 14.4 ኒውተን መምጣት አለበት። ካልመጣልሽ አልጀብራውን አትነካኪ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብሎክ ክበቢና ቀስቶቹ አራት መሆናቸውን ቁጠሪ።